«ሰኮና» ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ አንድ ቃል ይዘን ቀርበናል። ቃሉ አጭር ነው፤ የሚያስተምረን ነገር ግን ብዙ ነው። ይኸውም «ሰኮና» የሚለው ቃል ነው።

በገጠር የምታድጉ ልጆች ሰኮና ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ በፊት ከበረት ተምራችሁታል። በከተማ የምታድጉም ብትሆኑ በበዓል ዋዜማ በግ ሲነዳ፣ አህያም ጭነት ተሸክማ ስታልፍ አይታችኋል። ይሁን እንጂ ይህ የምታውቁት ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ስታነቡ አንድ ቦታ ላይ ግራ ያጋባችሁ ይሆናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ እግዚአብሔር እባቡን ሲረግመው፣ ከሴቲቱ የሚወለደው ዘር የእባቡን ራስ እንደሚቀጠቅጥ፣ እባቡ ደግሞ የእርሱን «ሰኰና» እንደሚጎዳ ተነግሯል። ታዲያ አንድ ተማሪ «ሰው ደግሞ ሰኮና አለው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ ሊሳቅበት አይገባም። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት የቃሉን ትርጉም ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

1. የቃሉ አጻጻፍና ትርጉም

«ሰኮና» ከግእዝ የመጣ ቃል ነው። በግእዝ የሚጻፈው «ሰኰና» ተብሎ ነው። በመካከል ያለችው «ኰ» ከዲቃላ ፊደላት አንዷ ናት። ዲቃላ ፊደላት የሚባሉት ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ እና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው በ«ኰ» ፈንታ «ኮ»ን ስለሚጽፍ «ሰኮና» የሚለው አጻጻፍ ተለምዷል። በአንዳንድ አካባቢ አባቶችና እናቶች «ሸኮና» ወይም «ሸሆና» ሲሉ ብትሰሙ ሌላ ነገር አይምሰላችሁ። ቃሉ ያው ነው፤ አነጋገሩ ብቻ ተለውጧል።

ቃሉ ሁለት ዋና ዋና ትርጉሞች አሉት።

ሀ/ የእንስሳ ሰኮና። ይህ እንደ በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስና አህያ ያሉ እንስሳት እግራቸው ጫፍ ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው። በዛሬው አማርኛ ሰኮና ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ይህ ነው።

ለ/ የሰው ተረከዝ። በግእዝና በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሰኮና የሰውን ተረከዝም ያመለክታል። ከእግራችን በስተኋላ መሬት የሚረግጠውን ክፍል ማለት ነው።

እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ ተመለሰ። በዘፍጥረት የተጻፈው «ሰኰና» የከብት ሰኮና ሳይሆን የሰው ተረከዝ ነው። የሴቲቱ ዘር የተባለውም ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም የተወለደው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እባብ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ የሚደርሰው ተረከዝ ላይ ነው። ዲያብሎስም ጌታችን በሥጋው መከራ እንዲቀበል አደረገ። ጌታችን ግን በመስቀሉ የዲያብሎስን ራስ ቀጠቀጠ። ልጆች፣ ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ተረከዙ የቆሰለ ይነሣል፤ ራሱ የተቀጠቀጠ እባብ ግን አይነሣም። ጌታችንም በሦስተኛው ቀን ተነሣ። አባቶቻችን ይህን ቃል የመጀመሪያው የድኅነት ተስፋ ይሉታል።

2. ከሰኮና ጋር የሚቀራረቡ ቃላት

በቋንቋችን ስለ እንስሳት እግር የምንናገርባቸው ሌሎችም ቃላት አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ስላለው ማደባለቅ አይገባም።

ኮቴ፦ ይህም እንደ ሰኮና የእንስሳ እግር ጫፍ ነው። ነገር ግን ኮቴ የእርምጃን ድምፅም ያመለክታል። ሌሊት ሰው ሲመጣ «ኮቴ ሰማሁ» እንላለን። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው «ኮቴውን ሳያሰማ ገባ» ይባላል። ለሽያጭ ወደ ገበያ ለሚገቡ ከብቶች የሚከፈለውም ገንዘብ «የኮቴ» ይባላል። ስሙ ከከብት አልፎ ለጭነት መኪና ክፍያ ሲነገርም ይሰማል። መኪና ጎማ እንጂ ኮቴ የለውም፤ ግን ቃል እንዲህ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይሻገራል።

ጥፍር፦ በግእዝ «ጽፍር» ይባላል። «ጸጕር» የሚለው «ጠጉር» እንደ ሆነ፣ «ጽፍር»ም በአማርኛ «ጥፍር» ሆነ። የሰው፣ የዶሮ፣ የአሞራ፣ የድመትና የአንበሳ ጥፍር እንላለን። ዶሮ ሰኮና የላትም።

መዳፍ፦ እንደ ውሻ፣ ድመት፣ ጅብና አንበሳ ያሉ እንስሳት የሚረግጡት በለስላሳ መዳፍ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 11 ቁጥር 27 በመዳፋቸው የሚሄዱትን እንስሳት ለብቻ ለይቶ ያነሣቸዋል።

ዱካና ፍለጋ፦ ሁለቱም እግር መሬት ላይ ትቶት የሚሄደው ምልክት ናቸው። በሬ የጠፋበት እረኛ መሬት መሬት እያየ የበሬውን ዱካ ይከተላል። «ፍለጋ» የሚለው ቃል ሁለቱንም መያዙን አስተውሉ፤ የእግር ምልክትም ፍለጋ ነው፤ የጠፋን ነገር መፈለግም ፍለጋ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 21 ክርስቶስ ፍለጋውን እንድንከተል ምሳሌ እንደ ተወልን ሲጽፍ፣ እርሱ በሄደበት መንገድ እግር በእግር እንድንሄድ መናገሩ ነው።

3. እግዚአብሔር ሰኮናን እንዴት አድርጎ ፈጠረው?

ሰኮና ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። የእኛ ጥፍርና ጠጉር ከተሠሩበት ከዚያው ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። እንደ ጥፍራችንም ያድጋል። የፈረስ ሰኮና በወር እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከላይ የበቀለው እስከ ታችኛው ጫፍ ለመድረስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንስሳው ሲራመድ ከታች ይፋቃል፤ ከላይ ደግሞ ይተካል። ጫማ ቢያልቅብን ሌላ እንገዛለን፤ ለእንስሳት ግን እግዚአብሔር የማያልቅ ጫማ አድርጎላቸዋል።

ፈጣሪያችን ለሁሉም አንድ ዓይነት እግር አልሰጣቸውም። ለሚኖሩበት ቦታና ለሥራቸው የሚስማማውን ሰጣቸው።

ሀ/ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና የሜዳ አህያ ሰኮናቸው አንድ ወጥ ነው። ይህም ለመሮጥና ረጅም መንገድ ለመጓዝ ይመቻል።

ለ/ በሬ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ድኩላና ሚዳቋ ሰኮናቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚገኘው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይኖረው ዋልያም እንዲሁ ነው። ዋልያ ሰው ሊቆምበት በማይችል ገደል ላይ ሳይወድቅ የሚሄደው ሰኮናው ዓለቱን ቆንጥጦ ስለሚይዝለት ነው።

ሐ/ ግመል በእግሩ ሁለት ጣቶች አሉት። ነገር ግን ጣቶቹ ከታች በአንድ ሰፊና ለስላሳ መርገጫ ተያይዘዋል። ስለዚህ አሸዋ ላይ ሲራመድ አይሰምጥም።

4. በዕለት ተዕለት ኑሯችን

ገበሬ ያለ ሰኮና እንጀራ አይበላም ብንል ማጋነን አይሆንም። ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ በብዙ ቦታ ገበሬዎች ማሳውን በከብት ያስረግጡታል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ መሬቱ ጠቅጠቅ ካላለ በደንብ አይበቅልም። እህሉ ከታጨደ በኋላም በአውድማ ላይ ተበትኖ በሬዎች እየዞሩ በሰኮናቸው ያበራዩታል፤ ፍሬው ከገለባው የሚለየው እንዲህ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ቁጥር 4 እግዚአብሔር የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳያስሩት አዟል። በእግሩ የሚደክም በአፉ እንዲቀምስ ፈቀደለት። እግዚአብሔር የበሬን ድካም የማይረሳ ከሆነ የእኛን ድካም እንዴት ይረሳል?

ገበሬ ከብቶቹን ሲጠራ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት ብሎ ይለያቸዋል። የቀንድ ከብት የሚባሉት በሬና ላም ናቸው። የጋማ ከብት የሚባሉት ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ናቸው። አሁን ወደ እግራቸው ተመልከቱ። የቀንድ ከብቶች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ ነው፤ የጋማ ከብቶች ሰኮናቸው አንድ ወጥ ነው። ራሱን አይቶ የለየ ሰው እግሩንም አይቶ መለየት ይችላል ማለት ነው።

ሰኮና ይታመማልም። ገበሬዎች አፈማዝ የሚሉት የአፍና የእግር በሽታ ከብት ሲይዝ አፉ ውስጥና በሰኮናው መካከል ቁስል ያወጣል። ያን ጊዜ ከብቱ መብላትም መሄድም ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ከብት ስታዩ ወደ ሌላው መንጋ እንዳይቀላቀል ማድረግና ለእንስሳት ሐኪም እንዲነገር ለትልልቆቹ መንገር ይገባል። ይህን በሽታ አስታውሱት፤ ወደ ኋላ ስለ አፍና ስለ እግር ስንነጋገር ይጠቅመናል።

5. ሰኮና በመጽሐፍ ቅዱስ

ሀ/ ሙሴና ፈርዖን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 10 ላይ ፈርዖን እስራኤላውያን ሄደው እግዚአብሔርን እንዲያመልኩ ፈቀደ፤ ከብቶቻቸውን ግን ትታችሁ ሂዱ አለ። ሙሴ ግን ከከብቶቻቸው አንድ ሰኮና እንኳ በግብፅ እንደማይቀር መለሰለት። «አንድ ሰኮና» ማለቱ «አንድም እንስሳ» ማለቱ ነው። ፈርዖን ጥቂት ነገር በእጁ ማስቀረት ፈለገ፤ ሙሴ ግን ለእግዚአብሔር የሚሰጠውን አልከፈለም። እኛም «ግማሹን ልቤን ለእግዚአብሔር፣ ግማሹን ለክፋት» ማለት አይገባንም።

ለ/ ነቢዩ ሕዝቅኤል። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ነቢዩ አርባዕቱ እንስሳን በራእይ አየ። የእግራቸው መርገጫ እንደ ጥጃ ሰኮና ሆኖ፣ እንደ ተወለወለ ናስ ያበራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የእነዚህን የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ኅዳር 8 ቀን ታከብራለች።

ሐ/ የሚበሉና የማይበሉ እንስሳት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 እግዚአብሔር ለእስራኤል የሚበሉትን እንስሳት በሁለት ምልክት እንዲለዩ ነገራቸው። የመጀመሪያው ምልክት ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የሚያመሰኳ መሆኑ ነው።

ማመስኳት ማለት የበሉትን መልሶ ወደ አፍ አምጥቶ እንደ ገና ማኘክ ነው። የላም ሆድ አራት ክፍሎች አሉት። ከእነርሱም አንዱ እናቶቻችን አጥበው አጥበው የሚደክሙበት ሽንፍላ ነው። ላም ሣሩን ፈጥና ትውጠዋለች። ከዚያም ጥላ ሥር ተኝታ በጸጥታ ታመነዥከዋለች። በቀን ብዙ ሰዓት በዚህ ታሳልፋለች። ሣሩ ወተት የሚሆነው እንዲህ ተደጋግሞ ሲታኘክ ነው።

ሁለቱን ምልክቶች በየእንስሳው እንያቸው።

በሬ፣ በግና ፍየል፦ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳሉ።
ግመል፦ ያመሰኳል፤ ሰኮናው ግን የተሰነጠቀ አይደለም።
እሪያ፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ግን አያመሰኳም።
ፈረስና አህያ፦ ሰኮናቸው አልተሰነጠቀም፤ አያመሰኩም።

ኦሪት ከግመል ጋር ሽኮኮንና ጥንቸልንም አንሥታ፣ ሰኮናቸው ስላልተሰነጠቀ እንዳይበሉ አዛለች። እንግዲህ አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም በአንድነት መገኘት አለባቸው። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው።

6. የሁለቱ ምልክቶች ምሥጢር

አባቶቻችን ይህን ሕግ ሲተረጉሙ ስለ ሥጋ ብቻ የተነገረ አድርገው አላዩትም። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ኢሬኔዎስ የተሰነጠቀ ሰኮና ያላቸውን በአብና በወልድ አምነው ጸንተው በሚራመዱ ሰዎች መስሏቸዋል። የሚያመሰኩትን ደግሞ የእግዚአብሔርን ቃል ቀንና ሌሊት በሚያስቡ ሰዎች መስሏቸዋል። ሌሎች መምህራንም የሰኮናው መሰንጠቅ ክፉውን ከደጉ ለይቶ የመርገጥ ምሳሌ መሆኑን አስተምረዋል።

ልጆች፣ ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። ሰኮና ያለው በእግር ነው፤ ማመስኳት የሚሆነው በአፍና በሆድ ውስጥ ነው። እግር ከውጭ ይታያል፤ የሆድ ነገር ግን አይታይም።

አንድ ልጅ እሑድ እሑድ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሥቶ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል እንበል። በእግሩ የሚወቀስበት ነገር የለም። ነገር ግን ወንጌል ሲነበብ ከጓደኛው ጋር ያንሾካሹካል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ዛሬ ምን ተነበበ?» ቢሉት አያውቅም። ይህ ልጅ በእግሩ መጥቷል፤ ቃሉን ግን አላመሰኳም።

አንዲት ልጅ ደግሞ መዝሙሩን ሁሉ በቃሏ ታውቃለች እንበል። ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን የምታወጣው ቀድማ ነው። ነገር ግን ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተጣልታ ሳምንት ሙሉ አታናግረውም፤ እናቷ ውኃ አምጪልኝ ሲሏት ያልሰማች ትመስላለች። ይህች ልጅ ቃሉን ታመሰኳለች፤ እግሯ ግን በቃሉ መንገድ አልሄደም።

ሁለቱም ክፉ ልጆች አይደሉም። እያንዳንዳቸው አንድ ጥሩ ነገር አላቸው፤ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። በእውነቱ ከሆነ ሁላችንም አንድ ቀን እንደ ወንድ ልጁ፣ ሌላ ቀን እንደ ሴት ልጇ እንሆናለን። ቅድም ያነሣነውን በሽታ አስታውሱ፤ አፍንና እግርን በአንድነት ይይዛል። ኃጢአትም እንዲሁ ነው። ቃሉን መስማት የተወ ሰው ውሎ አድሮ መልካም መንገድ መሄዱንም ይተዋል። ሣሩን ብቻ አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

7. አህያ አትበላም፤ አትናቅም

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «አህያ ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ስለ ሆነ አትበላም፤ እንግዲያው የተናቀች ናት» ብለው ያስባሉ። ስለዚህም በመንገድ ሲያገኟት በድንጋይ ይወረውሯታል፤ በዱላ ይመቷታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

የማይበላ ማለት የሚጠላ ማለት አይደለም። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም በክብር ሲገባ የተቀመጠው በአህያይቱና በውርንጭላዋ ላይ ነው። ይህን በየዓመቱ በሆሣዕና ዘንባባ ይዘን እናስባለን። የነገሥታት ንጉሥ የመረጣት እርሷን ናት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ላይም በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ በመታት ጊዜ እግዚአብሔር አፏን ከፈተላት፤ ለምን እንደሚመታትም ጠየቀችው። የእግዚአብሔር መልአክም አህያዪቱን ለምን እንደ መታት በለዓምን ወቀሰው። አህያዋ መልአኩን አይታ ከመንገድ ስትሸሽ፣ ጌታዋ ግን አላየውም ነበር።

አገራችን ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ውኃ፣ እንጨት፣ እህል፣ ጤፍና ሲሚንቶ ሳይቀር የምታመላልስልን አህያ ናት። ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር ሲገባ ታነክሳለች። ሰኮናዋ ሳይከረከም ከረዘመ መራመድ ያሳምማታል። ነገር ግን አፍ አውጥታ «አመመኝ» አትልም። ስለዚህ አህያ፣ ፈረስ ወይም በቅሎ በቤታችሁ ካለ የሚከተሉትን አድርጉ።

ሀ/ ስታነክስ ካያችሁ አትንዷት፤ ለአባታችሁ ወይም ለታላቅ ወንድማችሁ ንገሩ። ራሳችሁ እግሯን ለማንሣት አትሞክሩ፤ ልትረግጣችሁ ትችላለች።
ለ/ ሌሊት የምታድርበት ቦታ ጭቃና ዛግ እንዳይሆን በማጽዳት እርዱ። ርጥብ ቦታ ሁልጊዜ የሚቆም ሰኮና ይበሰብሳል።
ሐ/ ከአቅሟ በላይ ስትጫን ብታዩ ትልልቆቹን በትሕትና አሳስቡ።

መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምራል።

8. ስለ ሰዎችስ?

ቤተ ክርስቲያናችን ሰኮናቸው ያልተሰነጠቀና የማያመሰኩ እንስሳትን ያለመብላት ሥርዓት ከአባቶች ተቀብላ ትጠብቃለች። እኛም ልጆቿ ይህን ሥርዓት በደስታ እንጠብቃለን። ነገር ግን በአገራችን የግመል ሥጋ የሚበሉ፣ የግመል ወተት የሚጠጡ ወገኖች አሉን። በትምህርት ቤት አብረዋችሁ ይማራሉ፤ በሰፈር አብረዋችሁ ይጫወታሉ። በምግባቸው ምክንያት እነርሱን መስደብ ወይም መሳለቅ ፈጽሞ አይገባም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ከሰማይ የወረደ ትልቅ ጨርቅ አየ፤ በውስጡም ልዩ ልዩ እንስሳት ነበሩ። በኋላ ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በሄደ ጊዜ፣ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው ተናገረ። እንግዲህ እንስሳን በሰኮናው እንለያለን፤ ሰውን ግን በሚበላው አንንቅም። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና።

9. ምን እናድርግ?

ሁለቱን ምልክቶች በኑሯችን እንዲታዩ ለማድረግ በዚህ ሳምንት እንጀምር።

ለማመስኳት፦ እሑድ ወንጌል ሲነበብ አንድ ነገር ብቻ በልባችሁ ያዙ። ቤት ስትደርሱ ለእናታችሁ፣ ለአያታችሁ ወይም ለታናሻችሁ ንገሩ። ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ እንደ ገና አስቡት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በጸሎት ጊዜ እንደ ገና አንሡት። ላም ሣሩን አንዴ ብቻ አኝካ አትተወውም።

ለመርገጥ፦ ያሰባችሁትን በእግራችሁ አድርጉት። ስለ ይቅርታ ከሰማችሁ፣ ወደ ተጣላችሁት ጓደኛ ቤት ሂዱ። ስለ ታማሚዎች ከሰማችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ የታመመ ጎረቤት ጠይቁ። እግራችሁ ወደ ክፉ ነገር ሊሄድ ሲል ቆም በሉና «ይህ የሚረገጥ መሬት ነው ወይስ ገደል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ማጠቃለያ

ልጆች፣ «ሰኮና» የእንስሳ እግር ጫፍ፣ በመጽሐፍ ቋንቋም የሰው ተረከዝ መሆኑን ተምረናል። ኮቴ፣ ጥፍር፣ መዳፍ፣ ዱካና ፍለጋ የሚሉትንም ቃላት ለይተናል። ከሁሉም በላይ የተሰነጠቀ ሰኮናና ማመስኳት አብረው የሚፈለጉ ምልክቶች መሆናቸውን አይተናል። ቃሉን እየደጋገምን የምናስብ፣ ባሰብነውም መንገድ የምንሄድ እንድንሆን የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «ሰኮና» የሚለው ቃል ሁለት ዋና ዋና ትርጉሞች ምን ምን ናቸው?
2. በዘፍ. 3፥15 ሰኰና የተባለው የቱ ነው? የሴቲቱ ዘር የተባለውስ ማን ነው?
3. የሚከተሉትን «ሰኮና»፣ «ጥፍር» ወይም «መዳፍ» በማለት ለዩ፦ የፍየል፣ የዶሮ፣ የውሻ፣ የበቅሎ።
4. ግመል ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው ይጎድለዋል? እሪያስ?
5. አህያ ባትበላም ለምን አትናቅም? ሁለት ምክንያቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቀሱ።
6. «ፍለጋ» የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ እየተጠቀማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

የቤት ሥራ

አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት አረጋውያንን «በእናንተ አገር ሰኮናን ምን ትሉታላችሁ? የጠፋ ከብትስ እንዴት ይፈለግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው እሑድ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።